ሻንጣው በር ላይ፣ እጅ ሶኬቱ ላይ

ለሳምንታት ከቤት ለመራቅ የተነሳ ሰው የመጨረሻዋን ዙር ያውቃታል። ምድጃው ጠፍቷል፣ ቧንቧው ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተቆልፏል። ቤቱ ጸጥ ሲል ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ራውተሩ ብቻ ነው። እጅ ወደ ሶኬቱ ይዘረጋና መሀል ላይ ይቆማል። ይነቀል ወይስ እንደበራ ይቆይ?

ጥያቄው ሲነዘንዘኝ የከረመው ከባድ ስለሆነ አይደለም። አብዛኛው ሰው የራሱ መልስ አለው፤ አንዱ ሁልጊዜ ይነቅላል፣ ሌላው ጭራሽ አይነካውም፣ ሁለቱም ለዓመታት ምንም ሳይገጥማቸው ኖረዋል። የገረመኝ የኢንተርኔት አቅራቢ ቀይረው አዲስ ራውተር ካስገቡ በኋላም ያንኑ መልስ ይዘው መቀጠላቸው ነው። አዲሱ ሣጥን የድሮውን ይመስላል፣ የተቀመጠውም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ከጀርባው የሚገባው መስመር ግን ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ባይሆን እንኳ አዲስ የተከፈተ መስመር ነው። ራውተሩ ላይ የተንጠለጠሉት ዕቃዎችም በቅያሬው ወቅት ቦታቸውን ሳናስተውል ቀይረዋል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አገልግሎቱ ከተቀየረ ገና ሁለት ሳምንት ካልሞላው፣ በተለይ ኢንተርኔቱ በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ፣ አትንቀሉት። ከዚያ በኋላ ውሳኔው መስመሩን ሳይሆን ከራውተሩ ጋር የተያያዙትን ዕቃዎች የሚመለከት ነው። ማጥፋት የግድ ከሆነ ደግሞ አንዴ አጥፍታችሁ ሂዱ። ከሁሉም የከፋው በየቀኑ ማጥፋትና ማብራት ነው።

## መስመሩ ገና እየተለካ ነው

በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት፣ ኤዲኤስኤልም ሆነ ቪዲኤስኤል፣ እንደ ቧንቧ ውኃ ስለተከፈተ ብቻ አይፈስም። ሞደሙ፣ ማለትም ከስልክ ሽቦው ጋር የሚነጋገረው ክፍል (ዛሬ በአብዛኛው ራውተሩ ውስጥ ነው የሚገኘው)፣ በበራ ቁጥር በሽቦው ሌላኛው ጫፍ ካለው መሣሪያ ጋር ይደራደራል። ሽቦው የሚሸከመውን ሞገድ እያንዳንዳቸው 4.3125 ኪሎኸርዝ ስፋት ባላቸው ጠባብ ቻናሎች ይከፋፍሉታል። ኤዲኤስኤል2+ እስከ 512 ቻናል አለው፤ ቪዲኤስኤል2 በተለመደው 17ኤ በሚባለው አሠራሩ እስከ 4096 ይደርሳል። ከዚያ በየቻናሉ ምን ያህል የኤሌክትሪክ ረብሻ እንዳለ ይለካሉ። ንጹሕ በሆነው ላይ እስከ 15 ቢት ይጭናሉ፣ በተረበሸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት፣ ጨርሶ የማይሆነውን ይዘሉታል። ድርድሩ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የሚርገበገበው መብራት ረግቶ የሚቆመው ስምምነቱ ሲያልቅ ነው።

ይህ ስምምነት በዚያች ደቂቃ የነበረውን ረብሻ መሠረት ያደረገ ነው። ረብሻው ግን ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ሥርጭት ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ሩቅ ይደርሳል፣ የስልክ ሽቦውም ሳይፈልግ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። የጎረቤቱ ቴሌቪዥን፣ አምፖልና ጥራት የጎደለው ቻርጀርም አብረው የሚበሩት ማታ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የተነሳ ሞደም ከፍ ያለ ፍጥነት ተዋውሎ ማታ ላይ ሊያቅተው ይችላል። ለዚህ ሲባል መጠባበቂያ ይተዋል፤ የተለመደው 6 ዲሲቤል ገደማ ነው። በራውተሩ የቅንብር ገጽ ላይ ኤስኤንአር ማርጂን ወይም ኖይዝ ማርጂን በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

ብዙ አቅራቢዎች ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚከታተል አውቶማቲክ ሥርዓት አላቸው። መስመሩ በቀን ስንት ጊዜ ተቋረጠ፣ ስንት ስህተት ተቆጠረ እያለ ይመዘግባል። መስመሩ የማይረጋ መስሎ ከታየው ወይ መጠባበቂያውን ከፍ ያደርጋል፣ ወይ ኢንተርሊቪንግ የሚባለውን ዳታ አበጣጥሮ የመላክ ዘዴ ያበራል። ሁለተኛው ፒንግ ላይ፣ ማለትም ዳታ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ በሚፈጀው ጊዜ ላይ፣ ሚሊ ሰከንዶችን ይጨምራል፤ ቪዲዮ የሚያይ ሰው አያስተውለውም፣ ጌም የሚጫወት ግን ወዲያው ያውቀዋል። መጠባበቂያውን ከፍ ማድረጉ ደግሞ ፍጥነት ያስከፍላል። 3 ዲሲቤል መጠባበቂያ ከየቻናሉ 1 ቢት ገደማ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 4000 ጊዜ ስለሚጫን፣ ለማውረጃ 1000 ቻናል የሚጠቀም መስመር ከዚያች አንዲት ቢት 4 ሜጋቢት በሰከንድ ያጣል ማለት ነው። በረጅም ሽቦ ላይ ላለ ቤት ይህ ትንሽ አይደለም።

የዚህ ሥርዓት ባሕርይ ለመቅጣት ፈጣን፣ ይቅር ለማለት ዘገምተኛ መሆኑ ነው። በአንድ ቀን የቀነሰውን ፍጥነት ለመመለስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት የረጋ መስመር ማየት ይፈልጋል። አዲስ መስመር ሲከፈት የሚሠራበት የቆየ መዝገብ የለውም፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደታቸው የተለየ ነው። አቅራቢዎች “ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ራውተሩን አታጥፉት” ሲሉ የሚሰማው ከዚህ የተነሳ ነው። ምክሩን ብዙ ሰው የሚሽረው ሊሄድ ሲል ብቻ አይደለም። ፍጥነቱ ቃል የተገባውን አልሞላም ብሎ በአንድ ምሽት አምስት ጊዜ የሚያጠፋና የሚያበራ አለ። ሥርዓቱ አምስት መቋረጥ ቆጥሮ ፍጥነቱን ጭራሽ ይቀንስበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

## ሶኬቱ የሚነቀልባት ቅጽበት

አሁን ወደዚያች ወደ ቆመችው እጅ እንመለስ። ሶኬቱ ሲነቀል ምን ይሆናል? ለእኛ መብራቱ ድርግም ማለቱ ብቻ ነው። ሽቦው ውስጥ ግን ከዚያች ቅጽበት በኋላ አንድ ነገር ይፈጸማል፤ የጉዳዩን መልክ የለወጠብኝም እሱ ነው።

ሞደሙ ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማቹ ክፍሎች) ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላም በሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ጉልበት ይይዛሉ። ብዙ ሞደሞች ይህችን ጉልበት ለአንድ ሥራ ይጠቀሙባታል፦ “ኃይል ተቋርጦብኛል” የሚል አጭር መልእክት በሽቦው ለመላክ። የሙያው ሰዎች ስም ሲያወጡለት ያሰቡት ሊሞት የሚያጣጥረውን ሰው ነው፤ በእኛ አፍ የጣር ትንፋሽ ልንለው እንችላለን። በሌላኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ይህን ሲሰማ መስመሩ እንዳልተበላሸ፣ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻ እንደጠፋ ያውቃል። ትንፋሹን ካልሰማ ግን ዝም ብሎ የጠፋን ሞደም ሽቦው ከተበጠሰበት መለየት አይችልም።

ከዚህ ተነስቶ ካሰቡት አንዴ ነቅሎ መሄድ ብዙዎች እንደሚፈሩት ጥፋት አይደለም። ጠባሳ የሚተወው አነቃቀሉ ነው። ብዙ ሰው ቤት ሲዘጋ የስልክ ገመዱን ከራውተሩ ጀርባ ይነቅላል፣ ከዚያ ኃይሉን ያጠፋል። ይህ ተገላቢጦሽ ነው፤ መልእክቱ የሚሄደው በዚያው ገመድ ስለሆነ ገመዱ ቀድሞ ከወጣ ትንፋሹ መውጫ የለውም፣ መቋረጡም እንደ መስመር ብልሽት ይቆጠራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ኃይሉን ማጥፋት፣ ግማሽ ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ገመዱን መንቀል ነው። ሲመለሱ ደግሞ ገመዱን ቀድሞ ሰክቶ፣ መጨረሻ ላይ ኃይሉን ማብራት።

ጠባሳ የሚተወው ሌላው ነገር ድግግሞሽ ነው። ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ራውተሩን በሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ላይ የሚያስር ሰው በየሌሊቱ አንድ መቋረጥ ያስመዘግባል። ትንፋሹ ቢሰማም ሞደሙ በየጧቱ ከዜሮ ይደራደራል፣ እሱም ረብሻው ዝቅ ባለበት ሰዓት ማታ የማይችለውን ፍጥነት ተዋውሎ ነው። በነገራችን ላይ ሲመለሱ ራውተሩን ለማብራት ጥሩው ሰዓት ማታ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ረብሻው ከፍ ባለበት ሰዓት የተዋዋለው ፍጥነት ቁጥሩ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ይረጋል።

መስመሩ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን አጥፍቶ ለሦስት ሳምንት የሚሄድ ሰውስ? አይቀጣም። ሆኖም መለኪያው ምንም የሚያየው ነገር ስለሌለ ሲመለስ ካቆመበት ይጀምራል። ፍጥነቱ ከውሉ በታች ቢሆን ለአቅራቢው የሚያቀርበው የመስመር ታሪክም የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፤ ቅሬታ የሚሰማበት ጊዜ ባዶ ቤት ውስጥ ያልቃል።

## ከመዳብ ከወጣችሁ ነገሩ ይቀላል

እስካሁን የተባለው ለመዳብ የስልክ ሽቦ ነው። የትኛው እንዳላችሁ ለማወቅ ከግድግዳው የሚመጣውን ገመድ ጫፍ ማየት ይበቃል። ትንሽ የስልክ መሰኪያ ከሆነ መዳብ ነው። እየተጠመዘዘ የሚገባና መሀሉ ላይ መርፌ የመሰለ ሽቦ ያለው ወፍራም ገመድ ከሆነ የኬብል ኢንተርኔት ነው። እንደ ክር የቀጠነ ገመድ፣ ጫፉም ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የፕላስቲክ መሰኪያ ከሆነ ፋይበር ነው። ሲም ካርድ ከገባበት የሞባይል ኔትወርክ ነው።

ፋይበር ላይ ፍጥነት እየቀነሰ የሚቀጣ ሥርዓት የለም። ጂፖን በሚባለው የተለመደ አሠራር ብርሃኑ በ1490 ናኖሜትር ይወርዳል፣ በ1310 ይወጣል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥንም ሆነ የማታ ሬዲዮ አይነካውም። አጥፍታችሁ ብትሄዱ ስትመለሱ ፍጥነቱ ያው ነው። ኬብልና ሞባይልም በዚህ ረገድ ከፋይበሩ ጋር ናቸው፤ በበሩ ቁጥር ይለካሉ እንጂ ቂም አይዙም።

ፋይበር ላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ክሩ ራሱ ነው። ኃይል አጥፉ እንጂ አረንጓዴውን መሰኪያ አትንቀሉት። ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ አቧራ ቢያርፍ ብርሃኑን ያዳክመዋል፤ ብርሃኑ ስለማይታይም ጫፉን ወደ ዓይን አቅርቦ መመልከት አይገባም። ዕቃ ስታነሱ ክሩን ቆልምማችሁት ከሆነ፣ ክሩ በሚገባበት ኦኤንቲ በሚባለው ትንሽ ሣጥን ላይ ኤልኦኤስ የተጻፈበት መብራት ቀይ ይሆናል። እሱን ከመሄዳችሁ በፊት ማየቱ ይሻላል።

## ራውተሩ ላይ የተንጠለጠለው

መስመሩ ከረጋ በኋላ ውሳኔው ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል። አቅራቢ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የቤት ስልኩ ከግድግዳ ወጥቶ ራውተሩ ጀርባ ላይ ይሰካል። ያኔ ራውተሩ ከጠፋ ስልኩም ጠፋ። ይህ ለተራ ስልክ ምንም አይደለም። በዚያ ስልክ የሚደውል የሌባ ማንቂያ ወይም አረጋውያን አንገታቸው ላይ የሚያስሩት የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ካለ ግን ሁለቱም ከራውተሩ ጋር ይሞታሉ። በድሮው መስመር ላይ ስልኩ ኃይሉን ከሽቦው ያገኝ ስለነበር ራውተር መንቀል አይነካውም ነበር። ልማዱ ያለፈበት እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ካሜራው፣ የበሩ ደወል፣ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚያስጠነቅቀው ሴንሰር፣ ማሞቂያውን ከርቀት የሚያዘው ቴርሞስታት አለ። እያንዳንዱን “ኢንተርኔት ባይኖር ምን ታደርግ ነበር?” ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ብዙዎቹ ቴርሞስታቶች ፕሮግራማቸውን በራሳቸው ይዘው ይቀጥላሉ፣ የሚቀረው ከርቀት ማዘዙ ነው። ካሜራው ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ካለ መቅዳቱን ይቀጥል ይሆናል፣ ግን ሌባው ካሜራውን ይዞት ከሄደ ቅጂውም አብሮ ሄደ።

“ስማርት ሶኬት ላይ እሰካውና ስፈልግ ከስልኬ አበራዋለሁ” የሚል ብልሃትም ይሰማል። ሶኬቱ ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው ራውተር ዋይፋይ ከሆነ ከርቀት ማጥፋት ይቻላል፣ ከርቀት ማብራት ግን አይቻልም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ጥሎ በሩን ከውጭ እንደ መዝጋት ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሶኬቱ በራሱ ሲም ካርድ የሚገናኝ ከሆነ፣ ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ በራሱ ቆጥሮ የሚያጠፋና የሚያበራ ዓይነት ከሆነ ነው።

የኤሌክትሪክ ፍጆታው ነገር ብዙ ያነጋግራል፣ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። የቤት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዋት ይወስዳል። 10 ዋት ብንል በቀን 0.24 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሁለት ሳምንት 3.36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኦኤንቲ ካለ ጥቂት ዋት ይጨምሩበት። ለሁለት ሳምንት ብቻ ማጥፋት የሚያተርፈው ይህ ነው። ለስድስት ወር የሚዘጋ ቤት ግን ከ40 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይቆጥባል፤ ያኔ ማጥፋቱ ትርጉም አለው።

ከፍጆታው ይልቅ ሙቀትና መብረቅ ይከብዱኛል። ብዙዎቹ ራውተሮች እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። መስኮቱ የተዘጋ፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ ሥር የተቀበረ ራውተር ይህን በቀላሉ ያልፋል። በአዳፕተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ዕድሜ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንደበራ የሚተዉት ከሆነ ከመጋረጃና ከወረቀት አርቁት፣ የተነፋ ወይም ሲነኩት የሚያቃጥል አዳፕተር ካለ ሳትቀይሩት አትሂዱ። የመብረቅ ወቅት ከሆነና ቤት ውስጥ ራውተሩን የሚፈልግ ዕቃ ከሌለ ነቅሎ መሄድ ይሻላል። መብረቅ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ብቻ ሳይሆን በስልክ ሽቦም ይገባልና ሁለቱንም፣ ቀደም ባልነው ቅደም ተከተል።

## ከውጭ ሆኖ ማየት

ካሜራውን ከሩቅ ለማየት ሲል ራውተሩን አብርቶ የሚሄድ ሰው ያልጠበቀው ችግር ከመስመሩ ዓይነት ሳይሆን ከአድራሻው ይመጣል። የድሮው አቅራቢ ለቤቱ የራሱን ይፋዊ አይፒ አድራሻ (ቤቱ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይሰጥ ከነበረ ካሜራው ወይም የፋይል ማከማቻው በፖርት ፎርዋርዲንግ፣ ማለትም ከውጭ የመጣን ጥሪ ወደ አንድ ዕቃ በሚያሻግረው የራውተር ቅንብር፣ ከውጭ ይከፈት ነበር። አዲሱ አቅራቢ ግን አንዱን አድራሻ ለብዙ ቤቶች የሚያካፍል ሊሆን ይችላል። ያኔ ቅንብሩ በአዲሱ ራውተር ላይ አንድ በአንድ ቢገለበጥም ከውጭ የሚመጣው ጥሪ ቤቱ ጋ አይደርስም። ቤት ውስጥ ሆኖ በዋይፋይ ሲሞከር ሁሉም ይሠራል፤ አሳሳቹ ይኼ ነው።

ማረጋገጫው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በራውተሩ ገጽ ላይ ዋን ወይም ኢንተርኔት በሚለው ክፍል የተጻፈውን አይፒ አድራሻ ያዙ። ቀጥሎ አድራሻን የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፍታችሁ አወዳድሩ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ የጋራ አድራሻ ላይ ናችሁ። ይህ ክልል በፈረንጆቹ 2012 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተለየ ነው። መፍትሔው አቅራቢውን የራስ አድራሻ መጠየቅ፣ ወይም ቤት ያለው ዕቃ ራሱ ወደ ውጭ የሚደውልበትን ቪፒኤን መጠቀም ነው። በአምራቹ ክላውድ በኩል የሚሠሩ ካሜራዎች ግንኙነቱን ከውስጥ ስለሚጀምሩ ይህ አይነካቸውም።

ሌላው የተለመደ እንቅፋት የዋይፋዩ ስም ነው። ለአዲሱ ራውተር የድሮውን ስምና ፓስዎርድ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳያዛንፉ መስጠት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከማገናኘት ያድናል። ካልተገናኙ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ካሜራው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያውቅ ሆኖ አዲሱ ራውተር ሁለቱን ባንድ በአንድ ስም ስላዋሃደበት፣ ወይም ራውተሩ ደብሊውፒኤ3 በሚባለው አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ ብቻ ስለተቆለፈ። ለጊዜው ባንዶቹን ለያይቶ፣ ጥበቃውንም ደብሊውፒኤ2ን ከ3 ጋር ወደሚያቀላቅለው አማራጭ መልሶ ማገናኘት ነው።

ይህ ሁሉ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይሠራና የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ይሞከር። ከዚያ ራውተሩን ከኃይል ነቅላችሁ መልሱና ሁሉም ዕቃ ሳይነካ ራሱ መመለሱን እዩ። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነውና። (መዳብ ላይ ከሆናችሁ አንዴ ብቻ፣ እሱም ማታ።) ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

## ማንም የማይመለከተው ሣጥን

ባዶ ቤት ውስጥ የበራ ራውተር ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር ነው። በኅዳር 2016 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሚራይ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) አንድ ዝርያ አቅራቢዎች ራውተርን ከርቀት በሚያስተዳድሩበት 7547 ቁጥር ፖርት በኩል ሲያጠቃ፣ ጀርመን ውስጥ ወደ 900,000 የሚጠጉ የዶቼ ቴሌኮም ደንበኞች አገልግሎት ተስተጓጎለ። በግንቦት 2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና የማከማቻ ዕቃዎችን በ54 አገሮች መያዙ ታወቀ። ያኔ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ መክሮ ነበር፤ የማልዌሩ አብዛኛው ክፍል በጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ ስለሚኖር በማጥፋት ይጸዳል፣ ሥሩ ግን ይቀር ነበር።

ስለዚህ ደህንነቱ የሚወሰነው አጥፍቶ በማብራት ሳይሆን በአፕዴት ነው። አውቶማቲክ አፕዴት መብራቱን፣ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚለው መጥፋቱን፣ በአንድ ቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር ከዋይፋይ የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ መዘጋቱን፣ የአስተዳዳሪው ፓስዎርድም መለወጡን አረጋግጡ። አፕዴት ብዙ ጊዜ የሚወርደው ሌሊት ነው። ራውተሩ ወራት ጠፍቶ ከቆየ እንደበራ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነውና ሌላ ዕቃ ከማገናኘታችሁ በፊት ጊዜ ስጡት።

## የድሮው ራውተር

አቅራቢ የቀየረ ቤት ውስጥ ሁለት ራውተር ይኖራል፣ የድሮው ብዙ ጊዜ አሁንም እንደበራ ነው። “እንደ ዋይፋይ ማራዘሚያ ይጠቅማል” ብሎ በኔትወርክ ገመድ ከአዲሱ ጋር ያገናኘው ሰው ዕቃዎቹ አንዳንዴ ሲገናኙ አንዳንዴ ሲጠፉ ግራ ይገባዋል። ሁለቱም ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው ሲጠሩ፣ ሁለቱም አድራሻ ሲያድሉ የትኛው መልስ ቀድሞ እንደሚደርስ በዕድል ነው። ወይ የድሮውን ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) አጥፍቶ አድራሻውን መቀየር፣ ወይ ማስወገድ ነው።

መመለስ ያለበት ከሆነ ቀነ ገደቡ ጉዞው ላይ እንዳይወድቅ ውሉን እዩ። ከመላኩ በፊት ሪሴት የምትለዋን ቀዳዳ በቀጭን ነገር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ እንዲጠፋ። ያቺው ቀዳዳ አዲሱም ላይ አለች። “ራውተሩን አስነሺው” ተብላ ቤት የምትጠብቅ ጎረቤት ያቺን ከተጫነች ቅንብሩ ሁሉ ይጠፋል፤ ካሜራውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይታይም። በቴፕ ሸፍኗት፣ የኃይሉ ቁልፍ የትኛው እንደሆነም ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ስትመለሱ ከምንም በፊት የራውተሩን ገጽ ከፍታችሁ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚናገረውን መስመር አንብቡ። ሃያ ቀን ርቃችሁ ሃያ ቀን ካለ መስመሩም ኃይሉም ረግተው ሰንብተዋል። ራውተሩ ሃያ ቀን፣ የዲኤስኤሉ ግንኙነት ግን ሁለት ቀን ካለ ኃይል አልጠፋም፣ የተቋረጠው መስመሩ ነው። ሁለቱም አራት ሰዓት ካሉ ቤቱ ውስጥ መብራት ጠፍቶ መጥቷል። ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ያዙት፤ ለአቅራቢው ስትደውሉ መጀመሪያ የሚሏችሁ “አጥፍተው ያብሩት” ነው፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የለም።